ለ72 ተካፍሎልኝ ነበር

የሰኔ 30 ቆጠራ ላይ ነው። ከቃሊቲ አለፍ ብሎ ካለ የሳሙና መጋዘን ተልኬያለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ግቢው ጭቃ በጭቃ ነው። እኔ ለሂሳብ ክፍሉ ገና አዲስ ነኝ።

«167 ፓሌት ሙሉ፣ 8 ካርቶን ትርፍ» አለኝ ስቶር ኪፐሩ። አንድ ፓሌት 40 ካርቶን ይይዛል፣ አንድ ካርቶን 72 ፍሬ። 6,688 ካርቶን፣ 481,536 ፍሬ መሆኑ ነው። ቢሮ ገብቼ ፎርሙ ላይ ስገለብጥ ግን 418,536 ብዬ አሰፈርኩት።

ሳልፈትሽ አልፈረምኩም እኮ! ካርቶኑ 72 ፍሬ ከያዘ ድምሩ ለ72 መካፈል አለበት። ለዚህ ደግሞ ለ8 እና ለ9 መካፈሉን ማየት ይበቃል። የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች 536 ናቸው፤ ለ8 ሲካፈሉ 67። የሁሉም አሃዞች ድምር 27 ነው፤ ለ9 ይካፈላል። ኮራ ብዬ ፈረምኩ።

በማግስቱ 875 ካርቶን ጎደለ ተባለ። ስቶር ኪፐሩ ቡትስ ጫማውን አድርጎ ፓሌቶቹን እንደገና ሲቆጥር ዋለ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

ዋናዋ አካውንታንት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ወረቀቴን ተቀበሉኝ። የጎደለው 63,000 ፍሬ ነው። ለ9 አካፈሉት፤ 7,000።

«የኔ ልጅ፣ አሃዝ ገልብጠሃል» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ለ9 መካፈሉ ብቻውን ምንም አያሳይም። ሙሉ ካርቶን ቢሰረቅም ፍሬው ለ9 ይካፈላል። የእትዬ ብልጠት ሰባቱና ዜሮዎቹ ላይ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ሲገለባበጡ ስህተቱ የልዩነታቸው 9 እጥፍ ይሆናል፤ 81 ሲቀነስ 18፣ 63። ስለዚህ 7 የሚበላለጡ ጎረቤታሞች ይፈለጋሉ። ሦስቱ ዜሮዎች ደግሞ ጎረቤታሞቹ ሺህ ቤትና አሥር ሺህ ቤት ላይ መሆናቸውን ያሳያሉ። እስክሪብቷቸው 1 እና 8 ላይ አረፈ።

የእኔ ፍተሻ ለምን እንዳመለጠው ያኔ ገባኝ። አሃዞች ቢገለባበጡ ድምራቸው አይለወጥም። 536 ደግሞ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ለ11 ሞክረው» አሉኝ። አሃዞቹን አንድ እየዘለሉ በሁለት ወገን መደመርና ማቀናነስ ነው። የካርቶኑ 6,688 በሁለቱም ወገን 14 ነው፤ ልዩነቱ 0፣ ለ11 ይካፈላል። እሱ ከተካፈለ የፍሬው ብዛትም የግድ ይካፈላል። 481,536 ላይ 8 እና 19 ይመጣል፤ ልዩነቱ 11፣ ልክ። የእኔ 418,536 ግን 15 እና 12፤ ልዩነቱ 3። አይካፈልም። እዚህ የአሃዙ ቦታ ዋጋ አለው፤ ገልባጭ አያመልጥም። የድሮው ባለ 10 አሃዝ አይኤስቢኤን፣ ማለትም የመጻሕፍት መለያ ቁጥር፣ የሚፈተሸውም በ11 ነው። መጨረሻው ላይ አንዳንዴ የምናያት ኤክስ 10ን ተክታ የገባች ናት።

ወርጄ ለስቶር ኪፐሩ ነገርኩት።

«167 ፓሌት አላልኩህም?» አለኝ፣ ቡትሱን እያወለቀ።

ምሳ በእኔ ሆነ። ደግነቱ የሐዋርያት ጾም አልወጣም ነበርና በበየዓይነቱ ተረፍኩ።