ሻለቃው ብቻውን አልወጣም

ጎንደር ውስጥ ኑሮ ሲከብድ፣ መንገድ ሲዘጋና ሰው ወጥቶ መግባቱን መጠራጠር ሲጀምር አንድ ምኞት ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፦ «ይህን አገር ቀጥ የሚያደርግ አንድ ቆራጥ ሰው በመጣልን።» በለቅሶ ድንኳን ይባላል፤ በቡና ላይ ይባላል፤ ታሪክ አስተምራለሁና ተማሪዎቼም በክፍል ውስጥ ያነሡታል። ምኞቱ ከክፋት እንዳልመጣ አውቃለሁ፤ ከድካም የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ያ ቆራጥ ሰው እንዴት እንደሚመጣ፣ መንገዱን ማን እንደሚጠርግለትና ከየትኛው ቀን በኋላ ሊመለስ እንደማይችል ሳይጠይቁ መመኘት ስለሚያስፈራኝ፣ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከ1966 እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ ወደ ሥልጣን የወጣበትን መንገድ እኔ በምረዳው መጠን ልጽፍ ወስኛለሁ።

የዚያ ዘመን ታሪክ ብዙውን ጊዜ መተረክ የሚጀምረው ከቀይ ሽብር ነው። ሬሳ በየመንገዱ ከታየበት ጊዜ ከጀመርን ግን ሰውየው ድንገት የወረደብን መቅሠፍት ይመስለናል፤ እኛም ተመልካችና ተጎጂ ብቻ እንሆናለን። እኔ የማምነው ከዚህ የተለየ ነው። መንግሥቱ በ1969 ዓ.ም. በሰው ላይ ያዋላቸው መሣሪያዎች ሁሉ ቀደም ብለው የተሠሩ፣ አብዛኞቹም በጭብጨባ የጸደቁ ነበሩ። የጸደቁት ግን በሌላ ሰው ላይ ይውላሉ ተብሎ ነበር።

አገሪቱ በእውነት ተቸግራ ነበር። ወሎንና ትግራይን የመታው የ1965 ዓ.ም. ረኃብ ሕዝብ ሲፈጅ መንግሥት ነገሩን ሸሸገው። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሰፈሩ ወታደሮች በምግብና በውኃ ጉዳይ አምፀው አለቆቻቸውን ያዙ። በየካቲት ደግሞ ነዳጅ የተወደደባቸው የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችና በትምህርት ማሻሻያው ዕቅድ የተቆጡ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም በዚያው ወር ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ከ80 ዓመት አልፈዋል፤ አልጋ ወራሹ ታመው ውጭ አገር ነበሩ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የተመረጠ ምክር ቤት ቢኖርም አንድም የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ሕዝቡ ጥያቄ ነበረው፤ ጥያቄውን ተሸክሞ መንግሥት እስከ መሆን የሚያደርስ ድርጅት ግን አልነበረውም። በአንድ ትእዛዝ የሚንቀሳቀስና በአገሩ ሁሉ የተዘረጋ ተቋም ጦሩ ብቻ ነበር። ለእኔ ከረኃቡም፣ ከነዳጁም በላይ አምባገነኑን የጠራው ይህ ክፍት ቦታ ነው፤ ለዚህም ተጠያቂው ሻለቃው ሳይሆን ሌላ ሰው እንዳይደራጅ አጥብቆ ሲከለክል የኖረው ዘውዳዊ አገዛዝ ነው።

ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ፣ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ማዕረግ ያላቸው ከ100 የሚበልጡ ሰዎች አዲስ አበባ በአራተኛ ክፍለ ጦር ተሰበሰቡ። መንግሥቱ ሐረር ከሚገኘው ከሦስተኛ ክፍለ ጦር የመጣ ነበር። ደርግ የተባለው ይህ ስብስብ ነው፤ የአባላቱ ስም ግን ለሕዝብ አልተነገረም። ማን እንደሚወስንበት የማያውቅ ሕዝብ ማንን እንደሚጠይቅም አያውቅም። ከዚህ የከፋው ግን ተወካዮቹ ወደ ወከላቸው ክፍል ተመልሰው መልስ አለመስጠታቸው ነው። የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች ሥልጣን ለሕዝባዊ መንግሥት ይሰጥ ብለው ሲጠይቁ፣ በመስከረም 1967 ዓ.ም. መጨረሻ ደርጉ ታማኝ ጦር ልኮ ሰፈራቸውን በኃይል ያዘ። ከዚያ በኋላ የትኛውም ክፍል የላከውን ሰው መልሶ ለመጥራት የሚደፍር አይመስለኝም። ብዙዎች ይህን ቀን አያነሡትም፤ እኔ ግን ሥልጣን ከመራጩ እጅ የወጣው በዚያ ዕለት ነው እላለሁ።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ መስከረም 1 ማታ፣ የወሎ ረኃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተሰናሰለ በቴሌቪዥን ታይቶ ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ በአንዲት ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ። የዚያ ቀን ደስታ ሐሰተኛ አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 1 ሕገ መንግሥቱን አገደ፣ ምክር ቤቱን በተነ፣ ሥራ ማቆምንና ያልተፈቀደ ሰልፍን ከለከለ። ንጉሡን ያናወጠው ሥራ በማቆምና ሰልፍ በመውጣት የተነሣ ሕዝብ ሆኖ ሳለ፣ ይኸው መብቱ በድሉ ዕለት ተወሰደበት። «ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም» እየተባለ ስለ ነበር የከለከለውን ያስተዋሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ድምፃቸውን ያሰሙ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎችም ብዙም ሳይቆዩ ታሰሩ።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት የሆነው ሁሉን ቀየረው። የደርጉ ሰብሳቢ የነበሩት ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ከደርጉ ጋር ተለያይተው በቤታቸው ሲገደሉ፣ በዚያው ሌሊት 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በሟቾቹ ዘመን የተፈጸመውን በደል የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራ ላይ ነበር፤ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው መንገድ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። ደርጉ ግን ስም እየተጠራ እጅ በማውጣት ወሰነ። የብዙ ሰው ልብ ቢደነግጥም፣ «የሥራቸውን አገኙ» ያለውም ጥቂት አልነበረም፤ ከሟቾቹ መካከል በረኃቡ የሚወቀሱ ሰዎች ነበሩና። በዚያ ሌሊት እጁን ያወጣ ሁሉ ተመልሶ ወደ ሰፈሩ ሊገባና ንጹሕ ወታደር ሊሆን አልቻለም። ለመንግሥቱ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የበለጠ ማሰሪያ የለም፤ አብረውት የወሰኑት ሊከሱት አይችሉም፤ ከእርሱ ቢለዩም የሚሸሹበት የላቸውም።

ስለ ቀበሌ ግን ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ፤ አምባገነኑ እስከ እያንዳንዱ ደጃፍ የደረሰው በእርሱ በኩል ነውና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ ሲታወጅ የደቡቡ ገባር ከባለርስቱ እጅ ነፃ ወጣ፤ ይህ ታላቅ ሥራ እንደ ነበር መካድ አይገባም። በእኛ በጎንደር ግን ገበሬው በአባቱ ርስት ላይ ያረሰ ስለ ነበር አዋጁን በጥርጣሬ ተቀበለው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ የተከራይ ሸክም ቀለለ፤ በየሰፈሩም ቀበሌ ተቋቋመ። ሥራው የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይ መሰብሰብ፣ መንገድ መጠገን፣ የጎረቤትን ጠብ በፍርድ ሸንጎ ማየት ነበር። ኪራይ የተቀነሰለት ድሃ ቀበሌውን ለምን ይጠላል? እኔም በዚያ ዘመን ብኖር ኖሮ በስብሰባው ላይ ተገኝቼ አጨበጭብ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አዋጅ የቀበሌውን ሥልጣን አሰፋ፤ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ተቋቋመ፤ ኪራይ ሲቀበል የነበረው ማኅበር ጠመንጃ ያዘ፣ እሥር ቤትም ኖረው። በዚያ ዓመት መጋቢት የአዲስ አበባ ቤት ለቤት ፍተሻ ሲደረግ የተካሄደው በዚሁ መዋቅር ነው። በጎንደር ዓይነቱ ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚረዳው እዚህ የኖረ ሰው ነው። የእኛ ሰፈር ሰው በእድር፣ በጽዋ ማኅበርና በክርስትና ዝምድና ተሳስሮ የኖረ ነው፤ የማን ልጅ ተማሪዎች ወደ ገጠር የተላኩበትን የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ጥሎ እንደ መጣ፣ የማን እናት ሌሊት እንጀራ እንደምትጋግር፣ ማን ቤት እንግዳ እንዳደረ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ያ እውቀት ለዘመናት ሰውን ከችግር ለማውጣት ሲያገለግል የኖረ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን በመዝገብ ላይ የሚጻፍ ስም ሆነ። ከውጭ የመጣ ፖሊስ አንድን ወጣት ለማግኘት ወራት ይፈጅበት ይሆናል፤ የቀበሌ ሊቀመንበር ግን ወጣቱ የሚተኛበትን ክፍል ሳይቀር ያውቃል።

የተማሩት ወገኖቻችንም ድርሻ አላቸው፤ ይህን የምለው ብዙዎቹ በሕይወታቸው እንደ ከፈሉበት ሳልዘነጋ ነው። ከሁለቱ የግራ ድርጅቶች አንዱ፣ ኢሕአፓ፣ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይመሥረት አለ፤ ሌላው፣ መኢሶን፣ ለደርጉ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጠ። መኢሶን ወታደሩን እያስተማርን እንመራዋለን፣ ቀበሌውንም እንይዘዋለን ብሎ አሰበ። ኢሕአፓ በበኩሉ በከተማ የግድያ ዘመቻ ውስጥ ገባ፤ በመስከረም 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ላይ የተሞከረው ግድያም ሰውየውን አቆሰለው እንጂ አልጣለውም። ሁለቱ ድርጅቶች አንድ መጽሐፍ ያነበቡ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ ብዙ ጊዜም የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን ከወታደሩ ይልቅ ጠላው። መንግሥቱ በአንዱ ሌላውን መታ፤ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ደግሞ መኢሶን ራሱ ወደ ኅቡእ ሲገባ መሪዎቹ እየታደኑ ተያዙ። መሣሪያ የያዘን ሰው ያለ መሣሪያ እንጠቀምበታለን ብሎ ማሰብ ከዚያ ትውልድ ስሕተቶች ሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው።

በደርጉ ውስጥም ለማስቆም የሞከሩ ነበሩ። በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. እነ ሻምበል አለማየሁ ኃይሌና ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤል ደርጉን በአዲስ መልክ አዋቅረው የመንግሥቱን ሥልጣን በሕግ ቀነሱ። ነገሩ ለጥቂት ሳምንታት የተሳካ መሰለ። ጥር 26 ቀን ግን ሰብሳቢው ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ፣ ሁለቱ ሻምበሎችና ሌሎች አባላት በምኒልክ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተይዘው ተገደሉ። አዋጁ ከእነርሱ ጋር ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ጥበቃ ጦር ግን ከመንግሥቱ ጋር ነበር። የካቲት 4 ቀን ሊቀመንበርነቱ ታወጀ። ገዳዮቹንና ከሟቾቹ ነባር የደርግ አባላት የነበሩትን አንድ የሚያደርጋቸው ከሁለት ዓመት በፊት በኅዳር 14 ሌሊት ያለ ፍርድ መግደልን አብረው መፍቀዳቸው ነው፤ ለሌላው የፈቀዱት አሠራር ሲመጣባቸው የሚጠሩት ሕግ አልቀረም ነበር።

ቀሪውን ጦርነቱ ጨረሰለት። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ ደም የመሰለ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን እያፈረጠ የፀረ አብዮተኞች ደም እንደሚፈስ ዛተ፤ በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ወረራውን በይፋ ገፋበት። ወረራው እውነተኛ ነበር፤ በእናት አገር ጥሪ ሄደው የሞቱት ገበሬዎች የሞቱት ለአገራቸው እንጂ ለአንድ ሰው አልነበረም። ግን «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» በተባለበት ወቅት የሚጠይቅ ሁሉ ከሐዲ ተባለ። ምክትል ሊቀመንበሩ ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ በኅዳር 1970 ዓ.ም. ተገደለ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ሲበሠር ከእርሱ ጋር ክብሩን የሚካፈል አልነበረም።

ጎንደር ይህን ሁሉ በራሷ መንገድ አይታለች። በ1969 ዓ.ም. በቀድሞ መኳንንት የሚመራው የታጠቀ ድርጅት ኢዲዩ ሁመራንና መተማን ይዞ ወደ ከተማዋ ሲገፋ፣ ደርጉ ክፍለ ሀገሩን በሙሉ በጠላትነት ለማየት ምክንያት አገኘ። ቀጥሎም የደርጉ አባል ሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳዳሪ ሆኖ መጣ። ልጆቻቸው የታሰሩባቸው እናቶች ያሉት ዛሬም በከተማዋ ሰው አፍ አለ፦

መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፣
የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም።

በእነዚህ ሁለት ስንኞች ውስጥ ዳኛ የለም፣ ጠበቃ የለም፣ ይግባኝ የለም፤ የሚማጸኑት አንድ ሻለቃ ብቻ አለ። ሕግ ከአንድ አገር ሙልጭ ብሎ ሲጠፋ ምን እንደሚቀር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የታሪክ ሰነድ አላየሁም። የሞተባቸው ሰዎች ልቅሶ መቀመጥ እንኳ ተከልክለው እንደ ነበር በየቤቱ ይነገራል።

የቋራው ካሳን እወዳለሁ፤ በዚህ ከተማ አድጎ የማይወደው የለም። ዘመነ መሳፍንት ሰውን አሰልችቶት ሳለ አፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ አንድ የሚያደርገን ሰው መጣ ተብሎ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ግን ጎንደርን አቃጥለው አብያተ ክርስቲያናቷን የዘረፉት እኚሁ ንጉሥ ናቸው። ሁለቱ ሰዎች እኩል ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ቆራጡን ሰው ስንወድ ከተማችንን ያቃጠለበትን ዓመት ከታሪኩ ቆርጠን እንደምንጥል ማሳየቴ ነው።

መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥሎ ወደ ዚምባብዌ ሄደ። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው፤ መንግሥቱ የተፈረደበት በሌለበት ነው። ስለዚህ ትእዛዙን የሰጡትና የፈረሙት ሰዎች ጉዳይ በመዝገብ ላይ ሠፍሯል። በመዝገብ ያልሠፈረው የቀበሌው ስብሰባ ነው። በ1967 እና በ1968 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ በአራዳም ሆነ በአዘዞ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ የነበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የትኛው ሐሳብ ሲቀርብ እጃችሁን እንዳወጣችሁ፣ ያን ጊዜ ለምን ትክክል መስሎ እንደታያችሁ፣ ፍርሃቱ በየትኛው ወር እንደ ገባ እንድትጽፉ እለምናለሁ። መጻፍ ለከበደው እኔ ቤቱ ድረስ ሄጄ እየሰማሁ እጽፍለታለሁ፤ ስሙ እንዲቀር የሚፈልግም ስሙ ይቀርለታል።