ከባህር ውሃ የሚጠጣ ውሃ፦ ከአረቄ ማሰሮ የተማርኩት

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ የከባድ መኪና ጥገና ነው። ደረቅ ወደቡ እዚሁ ስለሆነ አብዛኞቹ ደንበኞቼ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ናቸው። ባህሩን ግን እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ ተቋራጭ ጄኔሬተርና ገልባጭ መኪና የሚጠግንለት ሰው ፈለገና ሄድኩ። በባቲ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርገን ከጅቡቲዋ ታጁራ ከተማ ወጣ ያለ የባህር ዳርቻ ላይ አወረዱን። ለሦስት አንድ የቆርቆሮ ቤት ተሰጠን። የመብራት መስመር የለም። ቧንቧ የለም። ውሃ በቦቴ ይመጣል ተባልን።

ቦቴው በየሳምንቱ ነበር መምጣት ያለበት። አንዳንዴ በ10 ቀን ይመጣል፣ አንዴ ግን 13 ቀን ቆየ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት በአንድ ጀሪካን ነው ያሳለፍናቸው። ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ምግብ ሁሉ ያቃጥለኝ ነበር፤ ማታ ስንተኛ ደግሞ ባህሩ ስልሳ እርምጃ ላይ ሆኖ ሲንሿሿ እንሰማዋለን። ያን ያህል ውሃ አጠገብህ ተኝቶ አንተ ስትጠማ ምን እንደሚመስል ለኮምቦልቻ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል።

ከጓደኞቼ አንዱ «አፍልተን ብንጠጣውስ?» አለ። አይሆንም። አንድ ሊትር የባህር ውሃ ውስጥ ወደ 35 ግራም ጨው አለ፣ ቀይ ባህር ላይ ደግሞ ወደ 40 ይጠጋል። ስታፈላው የሚሄደው ውሃው ነው፣ ጨው እዚያው ይቀራል፣ ስለዚህ ጭራሽ ይብስበታል። ብትጠጣው ኩላሊትህ ያንን ጨው ለማስወጣት ከጠጣኸው የበለጠ ውሃ ከሰውነትህ ይወስዳል። ውሃ ጥም ላይ ውሃ ጥም መጨመር ነው።

ያን ቀን ማታ ግን ፓስታ በባህር ውሃ እየቀቀልን ሳለ የድስቱን ክዳን አነሳሁ። ከክዳኑ ውስጥ ጠብታዎች ወደ ጫፉ ተንሸራተው ተንጠልጥለዋል። አንዷን በጣቴ ነክቼ ቀመስኳት። ጨው የላትም። ንጹህ ውሃ ናት። ወዲያው ትዝ ያለኝ ሰፈራችን ውስጥ አረቄ የሚያወጡ አንድ እናት ናቸው።

ለገና ፈቃድ ወደ ቤት ስመጣ በማግስቱ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ማሰሮው እሳት ላይ ነው፣ ከአፉ መቃ ወጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው መቀበያ ይወርዳል፣ መጋጠሚያው ሁሉ በጭቃ ተደፍኗል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ጨው ውሃ ማለቴ ትንሽ ገረማቸው እንጂ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። «ልጄ፣ ሰው ሁሉ እሳት ያበዛል» አሉኝ። «እሳቱ አይደለም ቁም ነገሩ። አፉን በደንብ ድፈን፣ መቀበያው ደግሞ ይቀዝቅዝ። በዚህች ቀዳዳ የሚወጣው ተን አረቄዬ ነው።» ከዚያ በኋላ ያጋጠመኝ ችግር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነበር።

ካምፑ ውስጥ ማገዶ የለም፣ ጋዝም እንደ ልብ አይገኝም። ያለው ፀሐይ ነው። ስለዚህ በያጅ ጓደኛዬ ጋ ከላሜራ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ሳጥን ሠራን፣ አንዱን ጎን 10 ሳንቲ ሜትር፣ ተቃራኒውን 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሰጠነው። ከላይ መስታወት ይከደንበታል። ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ውሃውን ታሞቃለች፣ ተኑ ከውጭ በነፋስ የቀዘቀዘው መስታወት ላይ ይጠራቀምና ቁልቁል ተንሸራቶ ዝቅ ባለው ጎን በኩል ያለች የአሉሚኒየም አሸንዳ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በቱቦ ወደ ጀሪካን። ሙቀቱ ከታች እንዳያመልጥ ሳጥኑን ጭድ በሞላ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። መስታወቱን ለጥ አድርጋችሁ እንዳታስቀምጡ። ጠብታው አይንሸራተትም፣ ተመልሶ ጨው ውሃው ላይ ይወድቃል።

እናቴ ግቢ ውስጥ ነው የሞከርኩት። 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 700 ግራም የአፍዴራ ጨው አሟሟሁና የራሴን ባህር ሠራሁ። ኮምቦልቻም ታጁራም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆኑ የፀሐይዋ አወጣጥ ብዙም አይለያይም፣ የሚለየው ሙቀቱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ውሃ ቀለም ቀለም ሸተተ። ሳጥኑን ውስጡን የተራ ጥቁር ቀለም ቀብቼው ነበር። ይሄን በደንብ ያዙት፤ ጨው አይተንም፣ የቀለም ማቅጠኛና ነዳጅ ግን ከውሃው ጋር አብሮ ይተንና አብሮ ይጠራቀማል። ደፋሁት። ቀለሙን ፍቄ በጥቁር ሲሊኮን ለበጥኩት። ሲሊኮኑም ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ ስለሚሸት ሳምንት ሙሉ ክፍቱን ፀሐይ ላይ ተውኩት።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጠብቄ ያገኘሁት ግማሽ ሊትር ብቻ ሆነ። በጣም ተከፋሁ። አንድ ሜትር ካሬ ቢያንስ ሁለት ሊትር መስጠት አለበት ብዬ አስቤ ነበር። እናቴ ቡና አፍልታ እጣን ስታጨስ ሳያት ሐሳብ መጣልኝ። ሳጥኑን ባዶ አድርጌ የእጣን ማጨሻውን ውስጡ አስቀመጥኩና መስታወቱን ከደንኩት። ጥቂት ቆይቶ ከሁለት ማዕዘን ቀጭን ጭስ እንደ ክር እየተሳበ ወጣ። ከታች በቱቦው ቀዳዳ ዙሪያም ይወጣል። «አፉን ድፈን» ብለውኝ የለ! ደፈንኩት፣ መስታወቱን አጠብኩት፣ በማግስቱ 2 ሊትር ሞላ። ጥር ላይ ነው ይሄ። የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ለእሳቸው ወሰድኩላቸው። ቀመሱና «አብሽር፣ ወጥቶልሃል» አሉኝ።

በጭነት መኪና፣ በሁለት ፍራሽ መሃል አድርጌ ወሰድኩት። ታጁራ ላይ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ሦስት ሊትር ተኩል ይሰጠኝ ነበር። ከዚያ በላይ ለማግኘት ብዙ ታገልኩ፣ አልሆነም። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን 0.65 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፣ የእንጀራ ምጣድ አስር ደቂቃ ገደማ የሚበላው ማለት ነው። ፀሐይዋ የምትሰጠው የተወሰነ ነው፣ ከዚያም ላይ ገሚሱ ይባክናል። ስለዚህ ብዙ ውሃ ከፈለጋችሁ ስፋት ጨምሩ። እኔም ሁለተኛውን ሠራሁ፣ በሁለቱ በቀን 7 ሊትር ገደማ እናገኛለን። ለሦስት ሰው በዚያ ሙቀት አይበቃም። ቦቴውን አይተካም። ግን ቦቴው ሲዘገይ ሰው ሳይደነግጥ ይቆያል፣ እኔ የፈለግኩትም ይሄንን ነበር። ከዚያ በኋላ 40 ሊትር ሁልጊዜ ሳይነካ ይቀመጥ ነበር።

ብዙ ውሃ ጨምሬ ብዙ አገኛለሁ ብዬ ተሳስቻለሁ። ጥልቀቱ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሲሆን ቶሎ ይሞቃል። በየጠዋቱ የቆየውን ደፍቶ በአዲስ የባህር ውሃ ማጥለቅለቅ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ጨው ጥቁሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራና ፀሐይዋን ይመልሳታል። መስታወቱን ከውጭ ከአቧራ፣ ከውስጥ ከቅባት ማጽዳት ነው፤ ቅባት ካለው ውሃው ተዘርግቶ በመንሸራተት ፈንታ እየተንጠባጠበ ይመለሳል። ትልቁ ጥፋቴ ግን ላሜራው ነው። ጨው ሳጸዳ ሲሊኮኑ አንድ ቦታ ተጫረ፣ በሁለት ወር ውስጥ ዝገት በስቶት ውሃው ጭዱ ውስጥ ፈሰሰ። ሁለተኛውን በሲሚንቶ ነው የሠራሁት። ዛሬ ብጀምር ብረት አልነካም።

ጨው መግባት አለመግባቱን በየቀኑ በቴስተር እለካ ነበር። ሁለቱን ሽቦ ውሃው ውስጥ ስትነክራቸው ንጹሁ ውሃ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም፣ ጨው ጠብ ካለበት ግን ያሳልፋል፣ የኦም ቁጥሩም (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክልበት መጠን) ወዲያው ይወርዳል። አንድ ቀን ነፋስ ሳጥኑን አዘንብሎት የባህር ውሃ ወደ አሸንዳው ገብቶ ያወቅኩት በዚህ ነው። ጣዕሙ ባዶ ባዶ ይላል፣ ትንሽ የቦቴ ውሃ ስንቀላቅልበት ይሻላል። ለፓስታ ደግሞ አንድ እጅ የባህር ውሃ በሦስት እጅ ንጹህ ውሃ ነው፣ ሌላ ጨው አያስፈልገውም። ሳህን በባህሩ ይታጠባል።

ግንቦት ላይ ሥራው አልቆ ተመለስኩ። የሲሚንቶው እዚያው ቀረ፣ ለሚቀጥሉት ልጆች አሳይቻቸዋለሁ። የላሜራውን ጠግኜ እናቴ ግቢ አስቀምጬዋለሁ፣ አሁን የቧንቧ ውሃ ነው የምጨምርበት። ሾፌሮቹ ለባትሪ የሚሆን ውሃ ከእኔ ይወስዳሉ።