ሁለት ካርድ፣ አንድ ጌም፦ ከኤስኤልአይ ጋር እስካሁን የደረስኩበት

ሁለት የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶችን አንድ ላይ በሚያሠራው ኤስኤልአይ ለመጠቀም ሁለተኛውን ጂቲኤክስ 970 ካርድ ከአዲስ አበባ እንዳስመጣሁ ስነግራችሁ ብዙዎቻችሁ "በቃ፣ ኤፍፒኤሱ (በሰከንድ የሚታየው የፍሬም፣ ማለትም የምስል ብዛት) እጥፍ ሆነልህ" ብላችሁኝ ነበር። ኧረ አልሆነም! እንዲያውም ጂቲኤ 5 የሚባለው ጌም በአንድ ካርድ ከነበረው ባሰበት። አሁን ደህና ይሄዳል፤ ምን ምን እንደነካካሁ ላጫውታችሁ።

የሚገርመው ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር ጥሩ ነበር። 60 ምናምን ይላል። ዓይኔ የሚያየው ግን የ30 ነው የሚመስለው። ማራኪ የሚኖር ጓደኛዬ መጥቶ ትንሽ ነዳና "አንተ፣ ይሄ ነገር ያነክሳል እኮ" አለኝ።

ምክንያቱ ሥራው የሚከፋፈልበት መንገድ ነው። ኤስኤልአይ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬሞቹን በየተራ ያድላል፤ አንዱን ላይኛው ካርድ ይሠራል፣ ቀጣዩን ታችኛው። 60 ኤፍፒኤስ ልስልስ ብሎ የሚታየው እያንዳንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ሲመጣ ነው። አንዱ በ5፣ ቀጣዩ በ28 ቢመጣስ? ሁለት ፍሬም በ33 ሚሊሰከንድ ነውና ቆጣሪው አሁንም 60 ይላል። እኛን የሚያናድደን ግን ያቺ 28ቷ ናት። ስለዚህ ሁለት ካርድ ያላችሁ፣ ኤፍፒኤሱን ተዉትና የፍሬም ታይም ግራፉን (እያንዳንዱ ፍሬም ስንት ሚሊሰከንድ እንደወሰደ የሚያሳየውን) አውጡ። አፍተርበርነርና አብሮት የሚጫነው ሪቫቲዩነር የሚባሉት ፕሮግራሞች በነፃ ያሳዩአችኋል። የየካርዱን ሥራና ሙቀትም ለየብቻ ያወጡላችኋል። እኔ ከዚያ በኋላ ግራፉን ሳላይ አንድም ሴቲንግ አልነካም።

ጂቲኤ 5 ለዚህ ምርመራ ይመቻል። ከተማው ውስጥ ስነዳ ሁለቱም ካርዶች ግማሽ ላይ ናቸው፣ ፕሮሰሰሩ ግን ጣሪያ ነክቷል። ካርዶቹ ሥራ አጥተው ቆመው ነው የሚጠብቁት። እዚህ ላይ ሦስተኛ ካርድ ቢጨመርም ለውጥ የለውም። የሕዝብ ብዛት የሚለውን ሴቲንግ ዝቅ ሳደርገው ግራፉ ወዲያው ረጋ። ከከተማ ወጥቼ ሣር ያለበት ገጠር ስገባ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ፕሮሰሰሩ ዘና ይላል፣ ሁለቱ ካርዶች 95 ፐርሰንት ላይ ይወጣሉ። የሣሩን ጥራት ከአልትራ ወደ ሃይ ማውረድ ብቻውን ትልቅ ልዩነት አመጣ። ዓይኔ ደግሞ ልዩነቱን ብዙም አላየውም፤ መኪና እየነዳ ሣር የሚቆጥር ካለ ይንገረኝ።

አንዳንዴ ደግሞ ሁለተኛው ካርድ ዜሮ ላይ ተኝቶ አየዋለሁ። ይሄ የሚሆነው ጌሙን ጠርዝ በሌለው መስኮት፣ ቦርደርለስ በሚባለው ስከፍተው ነው። ቴሌግራም ለማየት ይመቻል፣ ግን ኤስኤልአይ ሙሉ ስክሪን ይፈልጋል። ሌላው ጌሙ ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት የዊንዶውስ ሶፍትዌር፣ ዳይሬክት ኤክስ ነው። በዳይሬክት ኤክስ 11 ሥራውን በየተራ የሚያድለው ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ነው። በ12 ግን ጌሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ለሁለት ካርድ ካላዘጋጁት ሁለተኛው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያዘጋጁት ደግሞ ጥቂቶች ናቸው።

ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበትን ስሎትም ጂፒዩ-ዚ በሚባል ፕሮግራም አየሁት። ኤስኤልአይ ለእያንዳንዱ ካርድ ቢያንስ ኤክስ 8 (ስምንት የዳታ መስመር) ይጠይቃል። ካርዱ ሥራ ሲፈታ የስሎቱን ፍጥነት ስለሚያወርድ፣ ጎን ያለችውን የጥያቄ ምልክት ተጭናችሁ ሥራ ላይ እያለ እዩት። የኔው ደህና ነበር።

ቪራምን (የካርዱን የራሱን ሜሞሪ) በተመለከተ አንዴ ልናገርና ይብቃን፦ አይደመርም። ሁለቱም ካርዶች ያንኑ ቴክስቸር ለየራሳቸው ይይዛሉ። 4 ጊጋ ሲደመር 4 ጊጋ፣ ለጌሙ 4 ነው። ከዚያ ውስጥ ደግሞ የ970 የመጨረሻዋ ግማሽ ጊጋ ከቀሪው 3.5 በጣም ትዘገያለች። ቴክስቸርን ከ3.5 በታች እንዲሆን አድርጌ ተውኩት።

አሁን ወደ ጎንደር ጉዳይ እንምጣ። ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈው የሙቀት ምክር ባብዛኛው ለቆላ ሰው ነው። እኛ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል፤ ስለዚህ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። ማታ ማታ መቀዝቀዙ ይክሰናል፣ ቀን ግን ይታወቃል። ይባስ ብሎ ላይኛው ካርድ የሚስበው የታችኛውን ትኩስ ትንፋሽ ነው። የኔው ላይኛው 80 ዲግሪ ሲጠጋ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ታችኛው ደግሞ 68 ላይ ተንፈላስሷል። አንዱ ሲዘገይ ተራው ይዛባል፣ ማነከሱም ይመለሳል። የኬዙን ጎን ከፍቼ አቧራውን በብሩሽ አወጣሁት። በበጋ ከፒያሳ የሚነሣው አቧራ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። የላይኛውን ካርድ ፋን ቀድሞ እንዲፈጥን አደረግኩት። ይጮኻል፣ ግን አሁን ከ74 አያልፍም።

ሌላው መብራት ነው። አንዱ ካርድ እስከ 145 ዋት ይበላል፤ ሁለቱ 290፣ ፕሮሰሰሩና ሌላው ሲጨመር 400ን ያልፋል። እንደኔው 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ) ደግሞ በዋት ሲቆጠር አብዛኛውን ጊዜ 400 እንኳን አይሞላም። ጌሙ ሲከፈት "ጢው ጢው" ማለት የጀመረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ካርዶች ወደ 80 ፐርሰንት ኃይል አወረድኳቸው። የጠፋው ፍጥነት ጥቂት ነው፣ ጩኸቱም ቆመ፣ ሙቀቱም ቀነሰ። ከሁሉም የወደድኩት ለውጥ ይሄ ነው።

በመጨረሻ ኤፍፒኤሱን በሪቫቲዩነር 60 ላይ ገደብኩት። ካርዶቹ ትርፍ ጉልበት ስላላቸው ፍሬሞቹ ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ፣ ግራፉም መስመር ሆነ።

ይሄን አይታችሁ ሁለተኛ ካርድ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እኔ አልመክርም። ኤንቪዲያ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2021 ጀምሮ ለአርቲኤክስ 20ና ከዚያ በፊት ለነበሩት ካርዶች አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል (አንድ ጌም በሁለት ካርድ እንዴት እንደሚሠራ ለድራይቨሩ የሚነግር ሴቲንግ) ማውጣት አቁሟል። አዳዲስ ጌሞች ደግሞ ፍሬሙን ለመሥራት ያለፈውን ፍሬም ስለሚጠቀሙ፣ አንዱ ካርድ ሌላውን መጠበቅ ይኖርበታል፤ በየተራ መሥራቱ ትርፉ ይቀራል። ካርዱ በነፃ ከመጣላችሁ፣ ወይም እንደኔ የቆዩ ጌሞች ከወደዳችሁ ሌላ ነገር ነው።

የሚቀረኝ የላይኛውን ካርድ ፈትቼ ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) መቀየር ነው። ጎንደር ውስጥ ደህና ፔስት የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ጻፉልኝ፤ ፒያሳ ያገኘሁት ገና ሳይከፈት ደርቋል።