ወረንጦ

ዛሬ እንዲሁ ደብሮኝ ነው የዋልኩት። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል፣ አይዘንብም አይገልጥም። ከሰዓት ሐይቁ ዳር ወርጄ ቡና አዘዝኩ። ለትራኮማ፣ ለዓይን በሽታው፣ ክኒን የሚታደልበት ዘመቻ ላይ ይሠራ የነበረው ጓደኛዬም መጣ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም ኮንትራታቸው ከተቋረጠው አንዱ ነው። ስለ ሥራ ፍለጋው ልናወራ ነበር። እኔ ግን ቆሎ የምትሸጠው እናት አንገት ላይ ወረንጦ አየሁና ሐሳቤ ወደ አክስቴ ሄደ።

አክስቴም ወረንጦ አላት። ከማተቧ ጋር ነው የምታንጠለጥለው። ጠዋት ደጃፍ ላይ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ ሽፋሽፍቷን ትነቅላለች። ካልታያት ትንሿን ልጅ ጠርታ "ነይ እስቲ፣ ይቺን አውጪልኝ" ትላለች።

ትራኮማ ነው፣ ከሰው ሰው የሚተላለፍ የዓይን በሽታ። በልጅነት ደጋግሞ ይይዛል። ከዓመታት በኋላ የዓይን ቆብ ውስጡ ጠባሳ ይሆንና ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፣ ፀጉሩም ብሌኑን እየፋቀ ያጠፋዋል። የጠፋው ብርሃን አይመለስም። በዚህ በሽታ ሴቶች ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ይታወራሉ፣ ልጅ ታቅፈው የሚውሉት እነሱ ናቸውና። የአንዱ ልጅ ዓይን በነጠላ ጫፍ ይጠረጋል፣ በዚያው ጫፍ የሌላው፣ በዚያው የራሷ።

ጓደኛዬ ስለ ዘመቻው ሲያወራ ፊቱ ይበራል። የትራኮማውን መድኃኒት አዚትሮማይሲንን ፋይዘር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በነፃ ይሰጣል፣ የአሜሪካው በጎ አድራጎት ድርጅት የካርተር ማዕከልም ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ከ20 ዓመት በላይ ሲሠራ ኖሯል። ሰው ቁመቱ በዘንግ ይለካና በዚያው መጠን መድኃኒቱን ይውጣል። 6 ወር ላልሞላው ሕፃን የዓይን ቅባት ነው። ዘመቻው ሲያልቅ የሚጠየቀው ሽፋን ነው፣ መድኃኒቱን የዋጠው ሰው 80 በመቶ ደረሰ ወይ? ይህን ሥራ የሚያቃልል ሰው አልወድም። ዳገት ወጥተው፣ ጭቃ ተሻግረው መድኃኒት ያደረሱ ልጆች ዛሬ ቤት መቀመጣቸው ያንገበግበኛል።

ግን ክኒኑ ብቻውን አይበቃም። የተቀለበሰው ቆብ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፣ ፊት መታጠብ አለበት፣ መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋል። ዓይን ላይ የምታርፈዋ ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተተወ ዓይነ ምድር ነው። ፊት መታጠብ ደግሞ በወሬ ቀላል ነው። ከአክስቴ ቤት ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ጣና ወለል ብሎ ይታያል። ቤቷ ውስጥ ያለው ውሃ ግን በጀርባ የመጣ አንድ ጀሪካን ነው። ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለጥጃ ይከፋፈላል። የልጅ ፊት ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ሐይቁ ውስጥ ይታጠቡ እንዳትሉኝ፣ ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ፣ ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ፣ አለ። ቀንድ አውጣው የሚለቀው ዕጭ በቆዳ ይገባል። ለእሱም ክኒን አለ፣ ፕራዚኳንቴል፣ እሱም እርዳታ ነው። ክኒን በክኒን ላይ ይመጣል፣ ቧንቧው ግን አይመጣም። ለለጋሽም ለቢሮም የተዋጠ ክኒን መቁጠር ሳይቀል አይቀርም።

አይቻልም ማለቴ አይደለም። ጋና እ.ኤ.አ. በ2018፣ ማላዊ በ2022 ትራኮማን ማጥፋታቸው ተረጋግጦላቸዋል። እኛስ እስከ መቼ?

አክስቴን ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፣ የሠለጠነ ነርስ ይሠራዋል፣ ማደንዘዣ አለው ብዬ ለምኛታለሁ። "ልጄ፣ ዓይኔ ታሽጎ ውሃውን ማን ይቀዳልኛል?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ባሕር ዳር ላመጣት አስቤያለሁ፣ እሺ ካለችኝ። ድና ከተመለሰች በኋላስ? የልጅ ልጆቿን ዓይን በምን ውሃ ታጥባለች?