ከሰኔ ጾም ማግስት፣ ዲስኒ

እማዬ ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍኩትን የጉዞ ዕቅድ ወረቀት መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችና «ጾሙን ማን አሰላልህ?» አለችኝ። እኔ ነኝ ብላት አላመነችም። እውነትም ግማሹን ያሰላችው ባለቤቴ ናት።

የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 በጴጥሮስ ወጳውሎስ ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመሀል ያሉት ሃያ ስድስት ቀናት ናቸው፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት የማይሄዱት ያኔ ነው። እንዲህ ሆኖ ነው ፍሎሪዳ ዲስኒ ወርልድ ዘጠኝ ሌሊት ለማደር ያሰብን ሰዎች ከሁሉ አስቀድመን የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ያወረድነው። ሐምሌ 7 ማክሰኞ፣ ሥላሴን አንግሠን እንነሣለን። ሐምሌ 18 ቅዳሜ ቤታችን እንገባለን። በማግስቱ እሑድ ገብርኤል ነው፤ እህቴ የምታስገባው ስለት አለባት። የስለቱን ነገር እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ፈረንጆቹ 2022 ልናገር፤ የዛሬው ወረቀት የተጻፈው በዚያ ዓመት ጦስ ነው። ያኔ ሦስት ቀን ነበረን፣ አራቱንም ፓርክ ካላየን ሞተን እንገኛለን ብለን ሄድን። ቦታው በስልክ ላይ ሲታይ አንድ ትልቅ መናፈሻ ይመስላል። ወደ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ነው። ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስና አኒማል ኪንግደም፣ ከኤፕኮትና ከሆሊውድ ስቱዲዮስ በቀር፣ አንዱ ከሌላው በእግር የሚደረስ አይደለም። ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን እያልን ሮጥን። ወንዱ ልጄ ያን ሁሉ የጠበቀውን ርችት ጋሪ ውስጥ ተኝቶ አሳለፈው። ስንመለስ አሥራ ሦስት ሰዓት ነዳሁ። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ አንድ ነዳጅ ማደያ ቆመን ባለቤቴ፣ «ዕረፍት ይሄ ከሆነ ሥራ ምንድን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤታችን እስካለበት እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ድረስ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

እኔ እንጀራዬ መንዳት ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሌሊት ታክሲ እሠራለሁ። ባለቤቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ቀን ትሠራለች። እማዬ ከፋሲካ በኋላ ከደብረ ብርሃን ከመጣች ወዲህ እኔን የምታየኝ ጠዋት ስገባ፣ እሷን ማታ ስትገባ ነው። «ሁለታችሁን ባንድ ላይ ያየሁት በሠርጋችሁ ፎቶ ነው» ትላለች። እየቀለደች ነው፤ ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው የምትቀልደው።

ስለዚህ መጀመሪያ የተወሰነው ማን እንደማይነዳ ነው። ሎርተን ከእኛ ቤት ቅርብ ነው፤ ከዚያ የሚነሣ አውቶ ትሬይን የሚባል ባቡር አለ። ሰውየውንም መኪናውንም ጭኖ ሌሊቱን ተጉዞ ረፋድ ላይ ሳንፎርድ፣ ኦርላንዶ ጥግ ያወርዳል። ከቀኑ 11 ሰዓት ይነሣል። (ወረቀቱን በእማዬ ሰዓት ነው የጻፍኩት። ትልቋ ልጄ በፈረንጅ ሰዓት አንብባው ጠዋት 11 ላይ ሻንጣ ይዛ በር ላይ እንዳትቆም ለብቻ ነግሬያታለሁ።) ለእማዬ፣ ለእህቴና ለትንንሾቹ የሚተኛበት ክፍል ያዝን፤ እኔ፣ ባለቤቴና ትልልቆቹ ወንበር ላይ። መኪናው አንዴ ከተጫነ እስኪወርድ ድረስ ምንም ማውጣት ስለማይቻል የሌሊቱን ልብስ፣ ዳይፐርና የእማዬን የደም ግፊት መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ማድረግ ያስፈልጋል። ዋጋው ነድቶ ከመሄድ ይበልጣል፤ ሒሳቡን ለባለቤቴ ሳሳያት የደቡብ ካሮላይናውን ማደያ አስታወስኳት፣ ፈረመች።

ማረፊያው ላይ ከባዱን ሥራ የሠራችው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ናት። ስምንት ነን። ሁለት የሆቴል ክፍል መያዝ ማለት ማታ ማታ በር ተዘግቶ መለያየት ነው፤ እማዬን ለዚያ አልወስዳትም። ዲስኒ ቫኬሽን ክለብ የሚባል አባልነት አለ፤ አባላቱ በየዓመቱ ነጥብ ያገኛሉ፣ በነጥቡ ያድራሉ፣ ያልተጠቀሙበትን ያከራያሉ። አባል በገዛበት ቤት ከ11 ወር፣ በሌሎቹ ከ7 ወር በፊት ቦታ መያዝ ይችላል። እህቴ ነጥብ የሚያከራይ ሰው አግኝታ ባለፈው ነሐሴ አኒማል ኪንግደም ሎጅ፣ ኪዳኒ በሚባለው ክፍል ባለ ሁለት መኝታ ቤት ያዘች። ዘጠኝ ሰው ያሳድራል፣ ሦስት መታጠቢያ ቤት፣ ሙሉ ማዕድ ቤትና የልብስ ማጠቢያ አለው። ከሦስቱ መታጠቢያ ቤቶች በላይ ስምንት ሰው የሚያስታርቅ ነገር አላውቅም።

ያኔ እማዬ ገና ቪዛ አላገኘችም። የከፈልነው ገንዘብ ደግሞ አይመለስም። እህቴ ይህን የነገረችኝ ከከፈለች በኋላ ነው፤ በዚያው ስልክ ነው «ለገብርኤል ተስያለሁ» ያለችኝ። ቀጠሮው በደረሰበት ሳምንት እኔም በየመንገዱ ስሙን ስጠራ ነበር።

«ኪዳኒ» በስዋሂሊ የአንገት ሐብል ማለት ነው። እማዬ ግን ስሙን እንደሰማች ኪዳነ ምሕረት ነው ብላ ወስዳዋለች፣ እኔም አላረምኳትም። የቤቱ በረንዳ የሚያየው ሜዳ ነው፤ ቀጭኔና የሜዳ አህያ ይዞርበታል። ሎጁ ቀንዳቸው ከክንዴ የሚወፍር አንኮሌ ከብቶችም አሉት። «ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ አሜሪካ የመጣሁት ከብት ላይ ነው?» አለች። ከብቱንስ ታውቀዋለች፤ ቀጭኔ ግን አይታ አታውቅም። እኔም ኢትዮጵያ ተወልጄ አድጌ ቀጭኔ ያየሁት ፍሎሪዳ ነው። ለደገኛ ሰው ጋምቤላና ኦሞ ከኦርላንዶ ይልቅ ይርቁ ነበር።

በፓርኩ ቀን ብዛት ነው ከትልቋ ልጄ ጋር የተጣላነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ዘጠኝም ቀን ቢሆን ዘጠኙንም ትገባለች። የአራት ቀን ቲኬት ገዛን። የአራት ቀን ቲኬት መግባት ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ በሰባት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ሰኞ፣ ረቡዕ ብዬ ስቆጥር ልክ ሰባት ሞላልኝ። አንድ ቀን መሄድ፣ አንድ ቀን መተኛት። ልጄ ወረቀቱን አይታ «አባዬ፣ ይሄ የሐኪም ትእዛዝ ነው የሚመስለው» አለች።

የሚገባበትም ቀን ቢሆን ሙሉ አይደለም። እዚያ የሚያድር ሰው ፓርኩ ከመከፈቱ 30 ደቂቃ ቀድሞ ስለሚገባ በጠዋቱ እንሄዳለን፣ እኩለ ቀን ላይ ወጥተን ቤት እንተኛለን። በሐምሌ ኦርላንዶ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አይጠፋም፤ መብረቅ ሲኖር ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። በ2022 በዚያ ሰዓት ፕላስቲክ ለብሰን ሰልፍ ላይ ነበርን። እማዬ ሻንጣዋ ውስጥ ጋቢና ጃንጥላ ስታስገባ አይቼ፣ «እማዬ፣ እዚያ እኮ ሐሩር ነው» ብላት፣ «ሐምሌ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ጋቢውን አስወጣኋት። በጃንጥላው ረታችኝ።

ረቡዕን ኤፕኮት ያደረግኩት አስቤበት ነው። እማዬ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ እሷን በባዶ ሆዷ ፀሐይ ላይ ማዞር ኃጢአት ነው። ኤፕኮት ደግሞ የማታ ፓርክ ነው። ሐይቅ ዙሪያ የአሥራ አንድ አገሮች ሰፈር አለ፤ ቀስ እያሉ፣ አግዳሚ በተገኘ ቁጥር እየተቀመጡ መዞር ነው። «ኢትዮጵያስ?» አለች። ከአፍሪካ ሞሮኮ ብቻ ናት። በፈረንጆቹ 1982 ሲከፈት የአፍሪካ ሰፈርም ታቅዶ ነበር፣ ሳይሠራ ቀረ፤ ከቻይናና ከጀርመን መሀል ከበሮ ያለበት መጠጥ መሸጫ ነው ያለው። «እሱ ጋ እንቀመጣለን» ብላለች፣ ተመዝግቧል።

ጉልበቷ ያማታል። ዊልቸር ብዬ ሳልጨርስ «እግዜር እግሬን መቼ ወሰደው?» አለችኝ። ባለቤቴ ሥራዋ ከአረጋውያን ጋር ነውና መላውን ታውቃለች። ለዕቃ ነው ብለን አንድ ታጣፊ ይዘን እንሄዳለን። የትንሿን ቦርሳና ውኃውን እንጭንበታለን፣ እማዬ እንደ መደገፊያ ትገፋዋለች፣ ሲደክማት ቦርሳውን አቅፋ ትቀመጣለች። ማንም ምንም እንዳይናገር ልጆቹን አስምላለች።

ስለ ልጆቹ አጭር ነገር ልበል። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በነፃ ይገባል፣ ከአሥር ዓመት ጀምሮ የአዋቂ ዋጋ ነው። ትንሿ ሦስት የምትደፍነው ነሐሴ ላይ፣ ወንዱ አሥር የሚደፍነው መስከረም ላይ ነው። እንዲህ ያለ ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ አይገኝም። የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ 110 ሳንቲ ሜትር። ስፔስ ማውንቴን የሚባለው መጫወቻ የሚጠይቀው 112 ነው። በየቅዳሜው በሩ መቃን ላይ ይለካል፣ ወፍራም ሶል ጫማ እንዲገዛለትም አመልክቷል። የሰባቱ ድንክዬዎች ባቡር 97 ስለሆነ እሱን አሳይተን እናባብለዋለን። ሕፃን ይዞ ውጭ የሚቀር ወላጅ በኋላ ዋናውን ሰልፍ ሳይሰለፍ የሚገባበት አሠራርም አለ፤ በ2022 ይህን ሳናውቅ ሁለት ሁለት ጊዜ ተሰለፍን።

ምግቡ የእማዬ ክፍል ነው። ፓርክ ውስጥ ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል፣ የተከለከለው ጠርሙስና አልኮል ነው። ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ገብስ ቆሎ ቆጥራ አዘጋጅታለች። ከቤት ይዛው የመጣችው አንድ ከረጢት ድርቆሽ መኪናው ላይ ይጫናል፤ ሽሮና በርበሬው ቅመም ባይገኝ ተብሎ ለአንድ ወር የሚሆን ነው። በረዶ የሠራ እንጀራም እንይዛለን። ለሐሙስ ማታ ሎጁ ውስጥ ቦማ የሚባለውን ቡፌ ይዣለሁ፣ የፍስክ ቀን ስለሆነ። ኪዳኒ ታች ሳና የሚባል ምግብ ቤት ዳቦ ከዘጠኝ ማባያ ጋር ያቀርባል። «በያይነቱ ነዋ» አለች እህቴ፤ ባለቤቴ ግን አንደኛው እርጎ ያለበት መሆኑን አይታ ዓርብ ከሚለው ላይ ሰርዛዋለች።

ቡናው ከዚሁ ተቆልቶ ይሄዳል። በዚህ ክርክር የለም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የባሕር ዳርቻ ሆቴል ውስጥ እህቴ ቡና ቆልታ፣ ጢሱን እናሽትት ብላ ምጣዱን ይዛ ኮሪደር ወጣች። የእሳት ደወሉ ጮኸ። ሦስት ፎቅ ሙሉ ሰው በዋና ልብሱ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሞ የእሳት አደጋ መኪና ሲጠብቅ እህቴ ምጣዱን ከፎጣ ሥር ደብቃ አብራ ትጠብቅ ነበር። ጀበናውና ሲኒው ይሄዳሉ፣ ዕጣኑ ይቀራል። እማዬ በዕጣኑ ገና አልተስማማችም።

ከወረቀቱ ያወጣሁት ካስገባሁት ይበዛል። ሁለቱ የውኃ ፓርኮች ወጥተዋል፤ የሎጁ መዋኛ ይበቃል። ስልክ ላይ ተራ መሻማትም ወጥቷል፤ ለማጂክ ኪንግደም ቀን ብቻ ከፍለን እንይዛለን፣ እሱም ትልቋ ትሮን የሚባለው መጫወቻ እንድትገባበት ነው። ርችቱን አንዱን ምሽት ከፓርኩ ውጭ፣ ከፖሊኔዥያን ሆቴል ዳርቻ አሸዋ ላይ ተቀምጠን እናየዋለን፤ ለዚያ ቲኬት አያስፈልግም፣ የሚተኛ ሕፃንም በሰላም ይተኛል።

ሐምሌ 16 ሐሙስ ከመመለሻችን በፊት ያለው ቀን ነው። እሱ መስመር ላይ ምንም ሳልጽፍ ነው የተውኩት። ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስገባ በእርሳስ ተሞልቶ አገኘሁት። የእማዬ ጽሕፈት ነው፣ ፊደሏ ወደ ግራ ያዘነብላል፦ «ኪዳነ ምሕረት። ቡና። ሁላችሁም።»