አንኮበርን የሰጠሁበት ቀን

ቅዳሜ ማታ ነው፤ የምጽፈውም በሻማ ነው። ከሰዓት በኋላ ጀምሮ መነሻውን በውል የማላውቀው ትካዜ ተጭኖኝ አመሸሁ። መጀመሪያ የደከመኝ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ቆሎ እየቆረጠሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሰዓት መቀመጥ የሚያደክም ሥራ አይደለም።

እዚህ ደብረ ብርሃን ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም የሚያወራበትና የሚያዳምጥበት የተረት ቀን ተዘጋጅቶ ስለ ነበር፣ እህቴ ልጆቿን ይዤ እንድሄድ አዘዘችኝ። ድንኳኑ የተተከለው ነፋስ በሚጫወትበት ሜዳ ላይ በመሆኑ፣ ሽማግሌዎቹ በበርኖስና በጋቢ ተጠቅልለው፣ ልጆቹም ጃኬት በጃኬት ላይ ደርበው ተቀምጠዋል። አያቴ ብትኖር ኖሮ ገና ከደጃፉ ትመለስ ነበር። እርሷ ዘንድ ተረት የማታ ነገር ነበረ፤ ከብቱ ገብቶ፣ የኩበቱ እሳት ፍም ሆኖ፣ እርሷም የበግ ጠጉሯን በእንዝርት እየፈተለች እንጂ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በሞንታርቦ፣ ተረት ይወራል ቢሏት አማትባ ዝም የምትል ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ተራኪ ከመንዝ የመጡ አዛውንት ነበሩ። ማይክሮፎኑን በጣታቸው ከፊታቸው ገለል አደረጉና «ተረት ተረት» ሲሉ፣ «የላም በረት» ብሎ የመለሰው ሕዝብ ድምፅ ከሞንታርቦው በለጠ። የጅብና የአህያ ነገር ስንጠብቅ እርሳቸው የከተማችንን ታሪክ ጀመሩ፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን በዚህ ስፍራ ሳሉ ከሰማይ ብርሃን እንደ ታየ፣ ንጉሡም በዚሁ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ቦታውን ደብረ ብርሃን እንዳሉት ሁላችንም የምናውቀውን ነገር፣ አንዳችንም እንዳልሰማነው አድርገው ተረኩልን። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን እጁን አውጥቶ «ብርሃኑ አሁን የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና «አሁንማ ልጄ፣ በቆጣሪ ሆኗል» አሉት። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ።

እንቆቅልሹ የመጣብኝ በዚያ ሳቅ መካከል ነው። ከፊቴ የተቀመጠች፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ዞር ብላ «እትዬ፣ እንቆቅልሽ!» አለችኝ። «ምን አውቅልሽ» አልኳት። ድምፄ የሃምሳ ዓመት ሰው ቢመስልም ቃሉ ግን ከልጅነቴ እንደ ተቀመጠ ወጣ።

«ሲሄድ ይሰበስበናል፣ ሲመጣ ይበትነናል።»

«ፀሐይ» አልኳት፤ ሁላችንን ወደ ቤት የምትሰበስበን መሸት ሲል ነውና። ልጅቱ ግን በአዘኔታ አየችኝ። «ፀሐይማ ትገባለች እንጂ መቼ ትሄዳለች? ደግሞ ሴት ናት» አለችኝ። በሰዋስው ተረታሁ። እንግዳ ነው ብላት «እንግዳ ሲመጣማ ዳቦ አለ፣ ማን ይበተናል?» አለች። ክረምት አልኩ፣ ብርድ አልኩ፣ በመጨረሻም ደመወዝ አልኩ፤ ደመወዝማ ፈጽሞ አልገባትም። «እንግዲያው ሀገር ስጪኝ» ብላ እጇን ዘረጋች፤ እኔም ሳላስብ «አንኮበርን ሰጠሁሽ» አልኩ።

ሳላስብ ያልኩት የአያቴ ትምህርት ስለ ነበረ ነው። እኛ ልጆቹ «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» የተባለችውን ጤዛን እንኳ ሦስት ጊዜ ረስተን ሦስት ጊዜ ሀገር የከፈልን ደካሞች ነበርን። ጎንደርን ስንሰጣት እሩቅ ነው፣ በቅሎዬ አትችልም ትላለች፤ መንዝን እንዳንሰጣት የራሷ ነው፤ አንኮበርን ስንሰጣት ግን ዐይኗ ይበራል። ሀገሩን ከተቀበለች በኋላ እዚያ ገብታ የበላችውን ፍሪዳና የጠጣችውን ጠጅ፣ እኛ ሰነፎቹ ደግሞ በደጅ ቆመን የምንቀምሰውን አተላ እየዘረዘረች፣ በሳቅ ሆዳችንን ይዘን እንድንወድቅ ታደርገን ነበር። አንኮበርን በእውን አይታው ታውቅ እንደ ሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።

ልጅቱ ግን እንደ አያቴ አልተደሰተችም። «አንኮበር ምን አለ?» አለችኝ። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ እንደ ነበረ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከዚያ ሆነው እንደ ገዙ፣ ምኒልክም ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቆረቆረችው አዲስ አበባ ከመዛወራቸው በፊት እዚያ እንደ ነበሩ ነገርኳት። «ጥሩ ከሆነ ለምን ትተውት ሄዱ?» አለችኝ። መልስ ስፈልግ ሁለተኛውን አስከተለች፦ «አንቺስ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

አልሄድኩም። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በሦስት እጥፍ የሚርቀውን የአዲስ አበባን መንገድ ለአንድ ማኅተም ስል በዓመት ስንት ጊዜ እንደምመላለስ ታውቃላችሁ። ያንን ሀገር ለአያቴ መቶ ጊዜ ሳልሰጥ አልቀርም፤ ለአክስቴ፣ ለጎረቤት ልጆች፣ ዛሬም ለማላውቃት ጥርሰ ወላቃ ሰጠሁት፤ ነገር ግን ድንጋዩን እንኳ ረግጬ አላውቅም። በስሟ ብቻ የማውቃትን ሀገር እንደ ርስቴ ቆርሼ ስሰጥ መኖሬን ሳስብ፣ ትካዜው ከዚህ የመጣ እንደ ሆነ ጠረጠርኩ።

የእኔ ትውልድ ተረቱን እኩሌታ ከምድጃ ዳር፣ እኩሌታ ከአባባ ተስፋዬ የቴሌቪዥን ዝግጅት ያገኘ ነው፤ በእርሳቸውም ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ተረት ይሰጣል እንጂ ሀገር ስጪኝ ብሎ እጁን አይዘረጋም፤ እንቆቅልሽ ዐይን ለዐይን የሚያይ ሰው ይፈልጋል። (ይህን ለአዘጋጆቹ በአስተያየት ወረቀት ጻፍኩላቸው፤ ሳነበው የምሁር መስሎ ስለ ታየኝ አፍሬ በኪሴ ከተትኩት።)

ቤት ስንደርስ ጨለማ ነበር። የእህቴ ልጆች ከሌላው ቀን በተለየ ወደ ክፍላቸው ሳይሄዱ የከሰል ምድጃውን ከበቡ፤ እህቴም ስልኳ ባትሪ ስለ ጨረሰ ጋቢዋን ይዛ መጣች። እንቆቅልሹን የራሴ አስመስዬ አቀረብኩላቸው። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ስንገምትና ስንሳሳቅ ቆየን፤ እህቴን እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። በመጨረሻ ትንሹ ተሸንፎ «ዱባይን ሰጠሁሽ» አለኝ፤ ዱባይን ተቀብዬ በልቼ ጠጥቼ ስመለስ ግን የምነግረው መልስ አልነበረኝም። ስለ አንኮበር ስንከራከር የልጅቱ እናት ጠርታት ነበርና፣ ሀገሬንም መልሱንም ይዛብኝ ሄዳለች።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ መብራት መጣ። ትንንሾቹ እልል ብለው ወደ ቴሌቪዥኑ ሮጡ፣ ትልቁ በሩን ዘጋ፣ እህቴም ስልኳን ቻርጀር ላይ ሰክታ እዚያው ግድግዳው ሥር ቆማ ቀረች። እኔና ምድጃው ብቻ ቀርተናል። ሲሄድ ይሰበስበናል፣ ሲመጣ ይበትነናል፤ ምን ሊሆን ይችላል? ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ የምሰጠው ሀገር ግን ከዱባይ በቀር የለኝም።