ቀስት ያለበትን ሁሉ አጥፋ

ጎንደር ውስጥ፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ፕሪንት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ስካን፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ማስተካከል። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ ሲሰካ ሲነቀል ይውላል። በዚህ ሥራ ያለን ሰዎች አንድ የጋራ ጠላት አለን፤ ሾርትከት ቫይረስ። ፎልደሮችህን ይሰውርና በቦታቸው ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ምልክቶች ይደረድራል። መድኃኒቱን በቃላችን ይዘነዋል፦ የተደበቀውን አውጣ፣ ቀስት ያለበትን ሁሉ አጥፋ።

ጉድ የሠራኝ ይሄው ልማድ ነው።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ደንበኛዬ፣ 12 ገጽ ሊያሳትሙ መጡ። ፍላሻቸውን ስከፍት አንዱ ፎልደር ቀስት በቀስት ሆኗል። 43 ፋይል! «ጋሼ፣ ፍላሽዎ ቫይረስ ገብቶበታል፤ ላጽዳልዎት» አልኩና መልስ ሳልጠብቅ ሁሉንም መርጬ ዲሊት አደረግሁ። ከዚያ ዎርዱን ከፍቼ አተምኩላቸው። ወረቀቱን እየቆጠሩ ድንገት ቀና አሉ።

«የብራናዎቹስ ፎልደር?»

ጋሼ ስለ ጎንደር አድባራት መጻሕፍት እየጻፉ ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ሰብስበዋቸው የነበሩ ብዙ ብራናዎች በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ይገኛሉ። ጋሼ ስለነሱ የሚያወሩ ገጾችን ሲያገኙ ሊንኩን ከብራውዘሩ ወደ ፎልደራቸው እየጎተቱ ያስቀምጡ ነበር። የሁለት ወር ልፋት። እኔ ቫይረስ ያልኩት የድረ ገጽ ሾርትከት ነበር።

ከፍላሽ ላይ የጠፋ ፋይል ሪሳይክል ቢን አይገባም። ላብ አጠመቀኝ። ፍላሹን ወዲያው ነቀልኩትና ማታ ሬኩቫ በሚባለው የጠፋ ፋይል መመለሻ ፕሮግራም ፈለግሁ፤ 41ዱ ተመለሱ። እንዲህ ያለ ፋይል ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎባይት እንኳ ስለማይሞላ ፍላሹ ላይ ተበታትኖ አይቀመጥም፤ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ሙሉውን ታገኘዋለህ። ሁለቱን የበላብኝ ዎርድ ሳይሆን አይቀርም። ሰነድ ሲከፈት አጠገቡ የራሱን ድብቅ ፋይል ይጽፋል፤ እኔ ደግሞ ካጠፋሁ በኋላ ነው የከፈትኩት። ጋሼ እነሱን በትዝታ ፈልገው አገኟቸው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከውስጥ ማየት ጀመርኩ። አንዱን በኖትፓድ ከፈትኩት። ጠቅላላው ሁለት ሦስት መስመር ነው፦ በካሬ ቅንፍ [ ] ውስጥ «ኢንተርኔት ሾርትከት» የሚል፣ ከሥሩ ዩአርኤል፣ የእኩል ምልክት፣ አድራሻው። በቃ። የፋይሉ ቅጥያ፣ ማለትም ከስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚመጣው፣ ዶት ዩአርኤል ነው፤ ግን ዊንዶውስ ይደብቀዋል። ቅጥያ አሳይ ብትለውም ይህን አያሳይህም። የቫይረሱ ሾርትከት ደግሞ ዶት ኤልኤንኬ ነው፤ እሱም ድብቅ ነው። ሁለቱም ቀስት አላቸው። የሚለያቸው «ዓይነት» የሚለው ዓምድ ነው፤ አንዱ «ኢንተርኔት ሾርትከት» ሲል ሌላው «ሾርትከት» ብቻ ይላል። ያቺን አንድ ቃል ባነብ ኖሮ ያን ሁሉ ላብ አላልበውም ነበር። ዶት ዩአርኤል ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም፤ አድራሻው በኤችቲቲፒ ካልጀመረ እኔ አልከፍተውም።

በዚህ አላበቃም። የጋሼ ልጅ ከአሜሪካ ማክቡክ ላከችላቸው። የድሮዎቹን ሾርትከቶች ማኩ ያለ ምንም ጭቅጭቅ ከፈታቸው። ከሳፋሪ ጎትተው ያስቀመጧቸው አዲሶቹ ግን ዌብሎክ የሚባሉ ናቸው፤ እኔ ዊንዶውስ ላይ ስነካቸው «በምን ልክፈተው?» ይለኛል። ኖትፓድ ውስጥ ስከታቸው አንዳንዶቹ የኤክስኤምኤል ጽሑፍ ናቸው፤ አድራሻው መሐል ላይ ተቀምጧል። ሌሎቹ የተዘበራረቀ ምልክት ያሳያሉ፤ ቢሆንም በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ አድራሻው ይነበባል። ኮፒ አድርጎ ማውጣት ነው።

አሁን አጠራጣሪ ፍላሽ ሲመጣ መጀመሪያ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ወዳለበት አሮጌ ኮምፒውተሬ ነው የምወስደው፤ የዊንዶውስ ቫይረስ እዚያ ጉልበት የለውም። እዚያ ዶት ዩአርኤል ስትነካ ብራውዘር ሳይሆን ጽሑፉ ይከፈትልሃል። ለእኔ ሥራ ይሄ እንዲያውም ይሻላል። ሊኑክስ የራሱ የሾርትከት ዓይነት አለው፤ ዶት ዴስክቶፕ ይባላል፤ ዓይነቱ «ሊንክ» ተብሎ አድራሻው ይጻፍበታል። ሞከርኩት፤ የእኔ ፋይል ማሳያ እሱንም እንደ ጽሑፍ ከፈተው። ተውኩት።

በመጨረሻ ለጋሼ ሁሉንም አድራሻ ሰብስቤ በብራውዘር የሚከፈት አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ሠራሁላቸው። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በኡቡንቱም፣ በስልክም ይከፈታል። በመጀመሪያው ሙከራ የአማርኛው ርእስ ሁሉ ትርጉም የማይገኝለት ምልክት ሆኖ ወጣ፤ ፋይሉን የአማርኛ ፊደል በሚይዘው የጽሑፍ ኮድ፣ በዩቲኤፍ 8፣ ሴቭ አድርጌ ይህንኑ አናቱ ላይ ስጽፍ ተስተካከለ። ሌላው ያስደነገጣቸው የአማርኛ ውክፔዲያ አድራሻ ነው። ኮፒ ስታደርገው እያንዳንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል፤ «ጎንደር» ብቻውን 36። «ይሄ ተበላሽቷል፣ ሰርዘው» አሉኝ። አልተበላሸም፤ እንዳለ መተው ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ኔትወርክ ጠፍቶ ገጾቹ እምቢ ሲሉ ቅር አላቸው። ሾርትከት አድራሻ እንጂ ገጹ ራሱ እንዳልሆነ ያኔ አስረዳኋቸው፤ ዋና ዋናዎቹን በፒዲኤፍ አወረድንላቸው።

ጋሼ ዛሬም ይመጣሉ። ፍላሹን ከመስጠታቸው በፊት ግን ጣታቸውን ያነሳሉ፦ «አንተ ልጅ፣ ቀስት ያለበትን እንዳትነካ!»